የሃምሳ ሰባቷና የሰባ ስምንቷ

ላይል ሄንደርሾት ማይክ ከያዘ አፉ ልጓም የለውም። በኦዎሶ ከተማ በየበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌ መኪኖች ትርዒት ሲደረግ አስተዋዋቂው እሱ ነው፤ ከሁሉም ፊት የምትቆመውም የእሱ የሃምሳ ሰባት ሞዴል ቼቭሮሌት ናት። ሰማያዊ፣ ክንፏ እንደ ዓሣ ጅራት የቀና፣ ኒኬሏ ፊት የሚያሳይ።

በዚያ ቅዳሜ ከጎኗ የቆመችው የሰባ ስምንት ኦልድስሞቢል ነበረች፤ ረዥም፣ ማዕዘናም፣ ቡኒ የቤተሰብ መኪና። ያመጣቻት ሮበርታ የምትባል፣ ትርዒቱ ላይ ታይታ የማታውቅ ሴት ናት። ላይል ሰው እንዲስቅለት ሁለቱን ያወዳድር ጀመር። የእኔዋ ስትወለድ ቤንዚን እንደ ውኃ ነበር፣ ሰውም ለዓይኑ ይኖር ነበር አለ፤ ያቺኛዋ ግን ቤንዚን ሲወደድ የመጣች ባለጎማ ሣጥን ናት አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ ሞቅ ሲያደርገው መስመር መስመር ወደ ሠራው ቀለሟ ጠጋ ብሎ አየ።

«እመቤቴ፣ ይቺን የቀባሻት በመጥረጊያ ነው እንዴ?»

አደባባዩ በሳቅ ተናወጠ። ሮበርታ ዞር ብላ መኪናዋ ውስጥ አየች። ላይልም ሰው በመጣ ቁጥር የቼቭሮሌቷን ሞተር ሲያስጓራ ዋለ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ በበቆሎ ማሳዎቹ መሀል ቤንዚን አለቀበት። ሲያጨበጭቡለት የዋሉት ሰዎች ጥሩምባ እየነፉ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ አለፉ፤ ለፎቶ የቆመ መስሏቸው ነው። የቆመችለት ቡኒዋ ኦልድስሞቢል ነበረች።

«ይግቡ፣ ማደያ ድረስ እንውሰድዎት» አለች ሮበርታ።

ከፊት አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ስለነበር ላይል ከኋላ ገባ። አባቷ ኦርቪል ናቸው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጥፍራቸው ሥር ቡኒ ቀለም ደርቋል። ላይል ያንን ሲያይ ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ለካ ሰውየው እዚሁ ወንበር ላይ፣ መስኮቱን ከፍተው ሁሉንም ሲሰሙ ነው የዋሉት።

ይቅርታ ሊል ፈልጎ ስለ ዝናብ መዘግየት አወራ። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው አነሡት።

«መጥረጊያ አይደለም፣ ልጄ። ብሩሽ ነው። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው እንዲያ የሆነው።»

አነጋገራቸው ቁጣ አልነበረበትም። ከልቡ ለጠየቃቸው ሰው እንደሚያስረዱ ሆነው ነው የመለሱት። ላይል ስድብ በሆነ ብሎ ተመኘ።

ቤንዚኑን ቀድተው ወደ ቼቭሮሌቷ ሲመለሱ፣ ላይል ሮበርታን ገለል አድርጎ፣ በሚመጣው ቅዳሜ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ አላት።

«ይተዉት» አለች። «ማይኩን ከያዙ ወሬው ተመልሶ ስለ እርስዎ ነው የሚሆነው። አባባ መኪናው እንድትታይለት ብቻ ነበር የፈለገው።»

በሳምንቱ ላይል ቼቭሮሌቷን ቤት ትቶ ኦርቪል ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው የትኛውን በር መጀመሪያ እንደቀቡ፣ የት ቦታ እጃቸው እንደሳተ እየዞሩ አሳዩት። ላይል ስለ ራሱ መኪና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አዳመጠ። እያንዳንዱን የብሩሽ መስመር አየ፤ የሰውየውን ዓይን ግን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።