ጋሜው የተላጨ ዕለት

ፈትለወርቅ ሦስት ወንዶች ልጆች ቀብራለች። ሦስቱም «እምዬ» ማለት ከጀመሩ በኋላ ነበር የሞቱባት። አራተኛው ሲወለድ የእስቴ ባልቴቶች መላ ነገሯት፤ ሞት ወንድ ልጅ ለምዶብሻል፣ ይሄንን ሴት ነው ብለሽ አሳድጊው አሏት። ባሏ ደምሌም እሺ አለ። ምን ምርጫ ነበረው!

ስሙ ካሣሁን ነበር፤ ግን በዚያ ስም የጠራው ሰው አልነበረም። አልጣሽ ተባለ፤ ቀሚስ ለበሰ፤ እንደ ሴቶቹ ጋሜ ተሠራ፤ ጆሮው ተበስቶ ክር ገባበት። ጣሊያን ሲገባ ጡት ይጠባ ነበር፤ ጃንሆይ ሲመለሱ ጥጥ ይፈትል ነበር። እንዴት ያለ ፈትል! የሚያወጣው ክር የእናቱን ያስንቃል። ደምሌ እርሻ ሲውል ሁለቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ ሰፈሩን ያማሉ፣ ይስቃሉ። ፈትለወርቅ ሞትን ላታልል ብላ የጀመረችው ነገር የልብ ጓደኛ ሰጣት።

አንድ ቀን ልጁ ስለ ወንድሞቹ ጠየቃት። «ወንዶች ስለሆኑ ሞት አያቸውና ወሰዳቸው፤ አንቺን ግን አያይሽም» አለችው። ምነው ያኔ ምላሷን በቆረጠው!

ሰኔ ሲገባ ደምሌ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ቁምጣና እጀ ጠባብ ይዞ መጣ።

«በቃ፣ ልጄ አድጓል። ነገ ይላጫል፤ ከእኔ ጋር እርሻ ይወጣል።»

«እባክዎ ክረምቱ እንኳ ይውጣ» ብላ ለመነችው።

«ጢም እስኪያወጣ ቀሚስ ላልብሰው ነው? አገር ሳቀብኝ እኮ!»

እውነቱን ነው፤ ስቆበታል።

በማግስቱ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ጠላ ተቀዳ። ደምሌ ልጁን ጉልበቱ መሀል ይዞ ምላጩን ሲያነሣ ልጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰዉ ምላጭ የፈራ መስሎት ሳቀ። ጋሜው ሲወድቅ ሴቶቹ እልል አሉ። ልጁ አላለቀሰም፤ ሰው ይመጣብኛል እንደሚል ሁሉ በሩን በሩን ያያል።

ፈትለወርቅ ቁምጣውን ልታለብሰው ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። የነጠላዋን ጫፍ ጨብጦ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«እምዬ፣ አሁን ያየኛል?»

«ማን?»

«ወንድሞቼን የወሰዳቸው።»

መሬት ተቀመጠች። ስንት ዓመት ከሞት የደበቀችውን ልጅ ለካ ፍርሃቱን ራሷ አጉርሳዋለች። እቅፍ አደረገችው።

«አያይህም ልጄ። አንተ ትኖራለህ።»

ልጁ የተላጨ ራሱን በእጁ ዳበሰ።

«አልጣሽስ?»

ፈትለወርቅ ቁምጣውን አለበሰችው። ከደጅ ደምሌ «ካሣሁን!» ብሎ ተጣራ። ልጁ ዞር አላለም፤ ሌላ ሰው የተጠራ ነበር የመሰለው። ደግሞ ሲጠራ እናቱ ቀስ አድርጋ ገፋችው። ከጓዳ ይዞት የወጣውን እንዝርት ደምሌ ተቀብሎ ለጎረቤት ልጅ ሰጠና በምትኩ ጅራፍ አስያዘው። አባትና ልጅ በሬዎቹን ነድተው ቁልቁል ወረዱ።

ፈትለወርቅ የተላጨውን ጠጉር ከመሬት ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ለሦስቱ ወንዶች አገር ተሰብስቦ አልቅሶላታል። ለአልጣሽ ግን አንድም አልቃሽ አልመጣም።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አሏት ሴቶቹ ተራ በተራ እየሳሟት።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለች፤ ደረቷን እየደቃች መጮህ እያማራት።