የታርቡስ ችንካር

የዳኪያ ሕዝብ ከሮማዎች ጋር በሚዋጋበት በዚያ በጋ ከጦር ሜዳ የሚመለሱት ሾተሎች ቀጥቃጩን ናቶፖርን ግራ አጋቡት። በሁለት እጅ የሚያዘው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የጎበጠው የዳኪያ ሾተል አምና የሮማዎችን የራስ ቁር እንደ ዱባ ሲሰነጥቅ ከርሞ፣ ዘንድሮ እየተሸረፈና እየተጣመመ ይመጣል። ብረቱ ያው ነው፤ ከሰሉም ያው። እሳቱን ጠረጠረ፤ ውኃውን ጠረጠረ፤ በመጨረሻ የገዛ እጁን ጠረጠረ።

«አያ ናቶፖር፣ ሸመገልክ እንዴ?» አለው ወታደሩ ድሪልጊሳ፣ የተሰበረ ሾተሉን እግሩ ሥር እየጣለ። «ይሄ እኮ ጎመን እንኳ አይቆርጥም!»

«የሾተል አመታትህ ይሆናላ የከፋው።»

«አመታቴ? እንካ፣ ራስህ እየው!» ከአንድ የሞተ ሮማዊ ያወለቀውን የራስ ቁር ወረወረለት።

አናቱ ላይ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ተመሳቅለው ተቸንክረዋል። አምና ይህ አልነበረም። ናቶፖር ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን ሲያውቅ ቀለል አለውና ቁሩን ገልብጦ ውስጡን አየ። የችንካሮቹ ጫፍ ሁሉ ወደ ግራ ታጥፎ፣ በሦስት ምት ተደፍጥጧል።

እንዲህ የሚቸነክር አንድ ሰው ብቻ ያውቃል። ግራኙ ታናሽ ወንድሙ ታርቡስ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በውጊያ ወንዝ ማዶ ሞቶ ቀረ ተብሎ፣ መርዶው ተነግሮ፣ ለቅሶ ተቀምጠውለት ነበር።

«ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ» አለ ድሪልጊሳ።

ናቶፖር ቁሩን ወደ ብርሃኑ አዞረው።

በሕይወት አለ! ደስታው ገና ሳይረጋ፣ በእነዚህ ብረቶች የተነሳ ሾተላቸው ተሰብሮ የሞቱት የመንደሩ ልጆች ትዝ አሉት። አስገድደውት ይሆን? ወዶ ይሆን? ወይስ ሌላ ግራኝ ቀጥቃጭ ነው?

«አለቃችን መላ ፈልግ ብሎሃል።»

ናቶፖር ቁሩን መልሶ ገለበጠው። «ራሱን ተዉት» አለ በመጨረሻ። «ሰይፍ የያዘበትን ክንድ ምቱ፤ ብረት አልለበሰም። ጫፉን ረዘም አድርጌ አጎብጥላችኋለሁ።»

አመሻሹ ላይ ቁሩን ለእናቱ ወሰደላት። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ጣቶቿ ውስጡን ዳበሱና ችንካሮቹ ላይ ቆሙ።

«የታርቡሴ እጅ ነው» አለች፣ ማንም ሳይነግራት። «ልጄን ሮማዎቹ ያበሉት ይሆን?»

«እማ... ጥሩ ብረት ይሰጡታል» አላት።

አዲሶቹ ሾተሎች በመከር ወጡ። ድሪልጊሳ ተመልሶ አቀፈው፤ «ክንዳቸውን እንደ ቅርንጫፍ መለመልነው!» አለው። ናቶፖር ፈገግ አለ፤ ግን ቀጥሎ ታርቡስ ለክንዳቸውም ብረት ይቸነክር ይሆናል ብሎ አሰበና፣ ደስ ይበለው ወይስ ይዘን፣ ራሱም አላወቀም።