ሦስት በቀስታ፣ አንድ በኃይል

«እጄ እምቢ አለኝ!» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ፣ ሙሾውን አቋርጠው።

በመሐል ሜዳ ከተማ ዙሪያ አርባ ዓመት ሙሾ ሲያወርዱ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። በሥልስቱ ድንኳን የተቀመጡት ሴቶች ዘወር አሉ።

«ምነው እትዬ?»

«ይሄ የኔ ምት አይደለማ! ሦስት በቀስታ፣ አንድ በኃይል… እናንተም እኮ ደረታችሁን እንደዚያው ነው የምትመቱ!»

እውነታቸውን ነበር። ማንም ሳያዛቸው ሁሉም በአንድ ምት ሲመቱ ቆይተዋል።

የማን ምት እንደሆነ የገባት ለተሥላሴ ብቻ ናት። የሟቹ የመምህር ይታየው አንድ ልጅ ናት፤ አባቷ ካረፉ ጀምሮ ጠብ ያለላት እንባ የለም። «ምን ዓይነት ልጅ ናት!» ይባላል ከኋላዋ፣ በሹክሹክታ።

መምህር ይታየው እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ረዥም ቃል ሲያገኙ በግ እንደሚበልት ሰው በየመገጣጠሚያው ይለያዩታል። የሚወዱት «ኔቨርዘለስ» ነበር፣ «ሆኖም ግን» ማለት ነው፦ ኔ፣ ቨር፣ ዘ፣ ለስ። «ሦስት ቃል ተጋጥሞ ነው አንድ የሆነው፤ ስትለያዪው አራት ይወጣዋል። ጉልበትሽን ለመጨረሻው አቆዪ፣ የኔ ዓለም» እያሉ በጣታቸው ትከሻዋን መታ መታ ያደርጓታል። እሷ ግን ሁልጊዜ የፊተኛውን ትጫናለች።

በመጨረሻዋ ጠዋትም «እስቲ አንዴ በይልኝ» ብለዋት ነበር። የምትሳፈርበት የሞላሌው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል።

«አባባ ደሞ! ስመለስ እልልዎታለሁ።»

ስትመለስ ደጃፉን ሰው ሞልቶት አገኘችው። ያ ያላለችው ቃል ነው እንባዋን የከለከላት።

አሁን በድንኳኑ ምቱ ቆሟል። የሁሉም እጅ ጭኑ ላይ ነው። ያኔ ትከሻዋን አንድ ነገር ነካት። በቀስታ። ደግሞ በቀስታ። ደግሞ።

ዞራ አየች፤ ከኋላዋ ማንም የለም።

አራተኛውን ጠበቀች። አልመጣም። አራተኛው የእሷን ቃል እየጠበቀ ነው።

«ኔ…» አለች። «ቨር… ዘ…» ከዚያ ከሆዷ አውጥታ፦ «ለስ!»

ቃሉ ጩኸት ሆኖ ወጣ፤ እንባዋም አብሮት ፈሰሰ። «ተመስገን፣ አለቀሰች!» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። የምን ቃል እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሲመሽ አካባቢ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ለለቅሶው ከራቤል ደረሱ፤ በመንገድ ዝለዋል።

«ጠጋ በይልኝ እስቲ፣ ልጄ።»

ለተሥላሴ በአጠገቧ ባዶ የነበረውን አግዳሚ በመዳፏ ሸፈነችው።

«ይቅርታ እማማ፣» አለች በቀስታ፣ «ሰው አለበት።»