የሰርክ የመጀመሪያ ደንበኛ

ሰርክ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ክፍል የተከራየችው ሚሊኒየሙ ባለፈ በዓመቱ ነው። ከነቀምት የመጣች ቀጭን ልጅ፣ ጴንጤ ናት። ጴንጤ መሆኗን ስትነግረኝ ቁልፉን ሰጠኋት። ኪራይዋን በጊዜው ከከፈለች፣ መዝሙሯንም ቀስ ብላ ከዘመረች ከእኔ ጋር ምን ያጣላታል? እኔ ብዙነሽ የካ ሚካኤል ጥግ ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ በሰው እምነት አልገባም።

ያልገባኝ ሥራዋ ነው። ኮሌጅ ጨርሳ መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ «የገንዘብ እቅድ አማካሪ» ብሎ ቀጥሯታል። ምን ማለት ነው ብላት፣ ሰው ለልጁ፣ ለቤቱ፣ ለእርጅናው እንዴት ገንዘብ እንደሚያስቀምጥ መምከር ነው አለችኝ፤ የፈለገውንም የሕይወት መድን ታስገባዋለች። ሳቄ መጣ። እኛ የቸገረን የምናስቀምጠው ገንዘብ እንጂ አቀማመጡ መች ሆነና ብዬ አሾፍኩባት። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙም አልቆየም። ቢሮው የያዛት ለሙከራ ነው፤ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ደንበኛ ካላመጣች ያሰናብቷታል። ነቀምት ያሉት ታናናሾቿ ደግሞ የሚማሩት እሷ በምትልከው ነው።

በየቤቱ መዞር ጀመረች። ችግሯ ያቺ ጥያቄዋ ናት። ገና ሰላም እንዳለች «ድንገት አንድ ነገር ቢሆኑ ቤተሰብዎ በምን ይኖራል?» ትላለች። ይህን በጠዋት፣ ሱቁን ለሚከፍት ሰው! አንዱ አማተበባት፣ ሌላው በሩን ዘጋባት። እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥታ አንድ ቄስ ብትጠይቅ፣ የእኔን ሞት ከፈጣሪ ጋር ጨርሰነዋል፣ አንቺ አትግቢበት ብለው ሸኟት። ያንን ዳገት ወጥታ ወርዳ፣ የጫማዋ ሶል ተገንጥሎ ስትገባ አንጀቴን በላችው። እግሯን እንድትታጠብ ሙቅ ውሃ ሰጥቻት፣ ሞትን እንዲህ በፊት ለፊት አይጠሩትም፤ መጀመሪያ ጤናቸውን ጠይቂ፣ ልጆቻቸውን በስም ጠይቂ፣ ከዚያ ቀስ በይ ብዬ መከርኳት። ይኸው በእርጅናዬ የአማካሪ አማካሪ ሆንኩ።

አምሃ አንድ ልጄ ነው። ገና ጡት ሳይተው አባቱ ስለሞተ ብቻዬን ነው ያሳደግኩት። አምሃ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ግቢው ሌላ ይሆናል፤ ሬዲዮው ይከፈታል፣ ተከራዩ ሁሉ ይወጣል፣ ሰርክን ማብሸቅ ይጀምራል። ዛሬስ ማን አባረረሽ እያለ ያስቃታል። አንድ እሁድ ግን ከልቡ አዝኖላት ነው መሰለኝ፣ «በቃ እኔ ደንበኛሽ እሆናለሁ» አላት።

ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። የኮንዶሚኒየም ቁጠባውን፣ እቁቡን፣ አንድ ቀን ሊገዛው የሚያልመውን መኪና ስታሰላለት ዋለች። በመጨረሻ የሕይወት መድን ገባ፣ ወራሼ እናቴ ናት ብሎ ፈረመ። እኔ በገንኩ። ምን የቆረጠህ ነህ፣ በጤናህ ለሞትህ ትፈርማለህ ብዬ ጮህኩበት።

«እማዬ፣ ልጅቷ እንጀራዋን ታግኝ ብዬ ነው» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ልቡም ከእሷ ጋር ነበር። ሃይማኖታቸውን እያሰብኩ እንዳላየሁ አለፍኩት እንጂ አይቼዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕድሏ ተከፈተ። የአምሃ ጓደኞች ተራ በተራ መጡ፤ ከላይ ቤት ያለችው ጠይባ ለልጆቿ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ጠይባ ደግሞ ለጎረቤቶቿ አወራችላት። የሰርክ ሥራ ከሰፈራችን ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ ማለት ነው።

ነሐሴ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምኩ ሳለ የእድራችን ዳኛ አቶ በላይነህ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ተነሥቼ አስቀመጥኳቸው። የደም ግፊት መድኃኒቴን መዋጤን ጠየቁኝ። ደብረ ብርሃን ያለው ወንድሜ ደህና መሆኑን ጠየቁኝ። የሰጠኋቸውን ውሃ እንኳ ሳይጨርሱ ተነሡ። ምን ሆነዋል አልኩ በሆዴ፤ የእድር ነገር ይሆናል ብዬ ወደ ምስሬ ተመለስኩ።

እነሱ ሲወጡ ሰርክ እየሮጠች ገባች። በር ላይ አግኝታቸዋለች፤ አቶ በላይነህ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ አይታለች። ነግረውኝ የወጡ መሰላት። እግሬ ሥር ወድቃ ጉልበቴን አቀፈችው።

«እትዬ ብዙነሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የአምሃን ጉዳይ ሁሉ እኔ እጨርሳለሁ፣ እርስዎ ስለ ምንም አያስቡ።»

«የአምሃን ምን?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በእጄ ያለውን ምስር አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ከያለበት ይጠራል፣ ጨዋ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሊነጋ ሲል በር ይንኳኳል፣ ሴቶች እናቲቱን በግራ በቀኝ ይይዟታል። እኔን ማንም አልያዘኝም። ትሪው ከጭኔ ወርዶ ምስሩ ተበተነ፤ እኔ ግን አልተነሣሁም። የት፣ መቼ ብዬ ስጠይቃት ነገረችኝ። አዋሽን አልፎ መኪናው ተገልብጧል። አሠሪዎቹ መድኑን ስለሚያውቁ ለቢሮዋ ደውለዋል። እነ አቶ በላይነህ ወንድሜ እስኪደርስ እየጠበቁ ኖሯል።

ለአፍታ ጠላኋት። አንቺ ነሽ ያስፈረምሽው፣ አንቺ ነሽ ሞትን በስሙ የጠራሽብኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ራሷን በጡጫ ትደበድባለች፤ ድምፅ እንዳይወጣት ከንፈሯን ነክሳ ደም በደም ሆናለች። እኔ ያሰብኩትን ነገ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያስበው ያን ጊዜ ገባኝ። ያስፈረመችው እሷ፣ መርዶውን ሜዳ ላይ የጣለችውም እሷ፤ እግሯ ደረቅ ነው ይሏታል፣ ከየካ እስከ እንጦጦ በር የሚከፍትላት አይኖርም። ልጄ የወደዳት ልጅ ናት። እሱ ካቆመላት ሥራ በእኔ ጩኸት ልትባረር ነው።

«አልነገርሽኝም» አልኳት። «ሰምተሻል? ምንም አልነገርሽኝም። ክፍልሽ ግቢ።»

«እትዬ፣ ብቻዎን እንዴት...»

«ግቢ አልኩሽ።»

የግቢያችን ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ሳስነጥስ እንኳ ተከራዮቹ ይማርዎት ይሉኛል። ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ፣ ልጄን ያለ ድምፅ ስጣራ አደርኩ።

በሩ ሲንኳኳ ነጠላዬን አስተካክዬ ከፈትኩ። እሪ እላለሁ፣ ደረቴን እደቃለሁ ብዬ አቅጄ ነበር። ልቅሶ ይታቀዳል እንዴ? ወንድሜ ከኋላ ቆሟል፣ ሴቶቹ ወገባቸውን አስረው ግራና ቀኝ መጡ።

«ብዙነሽ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። አምሃ አርፏል» አሉ አቶ በላይነህ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ሴቶቹ ጮኹ፣ ወንድሜ መሬት ላይ ወደቀ፣ እኔ ቆሜ አየኋቸው። አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ ይሉኛል። እንዴት ብዬ ጨርሼዋለሁ ልበላቸው? የካ ሚካኤል ሲቀበርም እንዲያው ነበርኩ፤ አፈሩ ሲመለስ ዓይኔ ደርቆ አየሁት።

በመጀመሪያ፣ ደንግጣ ነው አሉ። የመድኑ ገንዘብ ሲከፈል ግን ወሬው ተለወጠ። ያላለቀሰችው የሚከፈላት ስለነበረ ነው አሉ። በተዝካሩ ቀን ድንኳኑ ውስጥ፣ ከኋላዬ፣ ሁለት ሴቶች ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ። ወጥ ታቀርብ የነበረችው ሰርክም ሰማች። ጭልፋውን አስቀምጣ መጣች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«እነግራቸዋለሁ። ከዛሬ በኋላ አልችልም» አለችኝ።

ክንዷን ያዝኳት። «ዛሬ ብትናገሪ ያን ሌሊት ለምን አደርኩት?» አልኳት። ጭልፋዋን አንስታ ተመለሰች። ከእነዚያ ሴቶች አንደኛዋ በወሩ የሰርክ ደንበኛ ሆነች።

ሰርክ ዛሬ ቢሮው ውስጥ የሌሎች አለቃ ናት። በየሳምንቱ ትመጣለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ስለዚያ ቀን አናወራም። ሰዉ ያለውን ይበል፣ ገንዘብ ወዳድ ይበለኝ፣ ለምጄዋለሁ። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። በዚህ ሰፈር ልጇን ቀብራ እሪ ያላለች እናት አላውቅም። እናቱ ሳትጮህለት አፈር የገባ የእኔ አምሃ ብቻ ነው።