መብራት የጠፋበት ቅዳሴ

ሰይፉ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም በእሱ እጅ ነው። እሑድ እሑድ ማልዶ ይሄድና ሽቦውን ይዘረጋል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ካለችው የዕቃ ክፍል፣ ከማሽኑ አጠገብ አይለይም። ምእመናኑ «ሰይፉ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?» ይሉታል። ይህን መስማት ይወዳል።

ነፍስ ካወቀ ወዲህ ግን ቆርቦ አያውቅም። ባለቤቱ ሶስና ስትለምነው ኖራለች። ጋብቻቸው በሽማግሌና በማዘጋጃ ቤት ስለሆነ፣ «ንስሐ ገብተን አብረን እንቁረብ» ትለዋለች። እሱ መጀመሪያ «ልጆቹ ይደጉ» አለ። ልጆቹ አደጉ። ከዚያ «ስናረጅ ይደርሳል» አለ። ባለትዳር ናትና ብቻዋን ወደ ቁርባን መቅረብ አልቻለችም።

ባለፈው ግንቦት አንድ እሑድ ቅዳሴው ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም ቢስቡት ቢስቡት አልነሳ አለ። ሰይፉ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲታገል የንስሐ አባቱ ቄስ ሙሉቀን በዚያ በኩል አለፉ።

«ተወው ልጄ፤ ድምፃችን ይበቃል። ይልቅ ገብተህ ቁም።»

ገብቶ ከወንዶቹ መካከል ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። እስከዚያ ቀን ቅዳሴ ሲሰማ ጆሮው የሚከታተለው ድምፁ ይቆራረጥ፣ ይጮህ እንደሆነ ነበር። ዛሬ የሚያስተካክለው ነገር ስላልነበረ ቃሉን ሰማ።

መጋረጃው ተገልጦ ካህናቱ ሥጋውንና ደሙን ይዘው ሲወጡ እናቶች ሕፃናታቸውን አቅፈው፣ አረጋውያኑም ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረቡ። የቀረው ሰው መንገድ ለመልቀቅ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሰይፉም ጀርባው ግድግዳ እስኪነካ አብሮ አፈገፈገ።

እዚያ ቆሞ አሰበ። እኔ ድግስ ደግሼ የጠራሁት ሰው፣ ድንኳን ሲተክል ወንበር ሲያመላልስ ውሎ ማዕዱ ሲቀርብ ሹልክ ብሎ ቢሄድብኝስ? እቀየመዋለሁ። የጠራሁት ለጉልበቱ ነው እንዴ? እግዚአብሔር እሱን ራሱን ይፈልገዋል ብሎ ከዚያ በፊት አስቦ አያውቅም ነበር። ዐይኑ እንባ አቀረረ። በነጠላው ጠረገው።

ከሰዓት በኋላ ቄስ ሙሉቀን ቤት ሄደ።

«አባቴ፣ መቅረብ እፈልጋለሁ።»

«ሶስናስ?»

«እሷማ ድሮም ዝግጁ ናት።»

«መጀመሪያ ጠይቃት» አሉት።

ሶስና ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሲነግራት በደስታ ትዘላለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን በእጇ የያዘችውን አንሶላ መልሳ ሳፋው ውስጥ ጣለችው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስለምንህ ጆሮ አልሰጠኸኝም። ዛሬ መብራት ሲጠፋ ነው እግዜር የታየህ?»

«እውነትሽን ነው» አላት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ በር ላይ አስቆመችው።

«እኔም ዝግጁ አይደለሁም» አለችው። «አንተን ተቀይሜ ነው የኖርኩት። ቤተ ክርስቲያን ስቆም እንኳ ልቤ የሚያወራው ካንተ ጋር ነበር፤ እየተጣላሁህ። ያንን ይዤ ልቀርብ አልችልም። አብረን እንሂድ።»

አብረው ሄዱ፤ ለየብቻ ተናዘዙ። ቄስ ሙሉቀን የጾምና የስግደት ቀኖና ሰጧቸው። በቆላው ሙቀት ስግደቱ ለሰይፉ ከበደው፤ ጉልበቱ አበጠ። አንዳንድ ቀን ይተወዋል፤ በማግስቱ እንደገና ይጀምራል። «ወደቅሁ» ብሎ ለንስሐ አባቱ ሲነግራቸው፣ «ተነሣ እንግዲህ» ከማለት ሌላ አይሉትም።

በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ላይ ቆረቡ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲመለሱ የሱቅ ጎረቤቱ ጋሽ ሸሪፍ ከበርጩማቸው ተነሡ። የቆረበ ሰው እንደማያወራ ስለሚያውቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላቸው።

ማታ ሶስና «ምን ተሰማህ?» ስትል ጠየቀችው።

«ፈርቼ ነበር። ከዚያ... ባዳ አለመሆኔን አወቅሁ። አንቺስ?»

«ልቤ ዝም አለልኝ» አለችው።

በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ አንድ የተበላሸ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀመጠ። መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት መጸለይ ፈለገ፤ በቃሉ የያዘው ጸሎት ግን ከአባታችን ሆይ አያልፍም። እሱን ደገመ። ከዚያም ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሶስና ለእግዚአብሔር በራሱ ቃል ነገረው። ደንበኛ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሰይፉ ንግግሩን ጨርሶ ቀና አለና፣ «ግባ ወንድሜ» አለው።