የሦስት ወር ከረጢት

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፤ ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞላሁ፤ ከዚያ የተማሪዎቼን ፈተና ለማረም ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት አካባቢ በሩ ተንኳኳ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ወልደገብርኤል ነው። ሆዱ ተነፍቶ የኮቱ ቁልፍ አልዘጋ ብሎታል።

«ማዕዶት፣ የዘረሰናይን ሐኪም ስልክ አላጠፋሽውም?»

ባለቤቴ ዘረሰናይ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ከልጅነቱ ጀምሮ አሥር ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰገራ ሳይወጣለት ይከርም ነበር። በሠላሳ አራት ዓመቱ ሐኪሙ ምክንያቱን አገኘው፤ የትልቁ አንጀቱ መጨረሻ ሲፈጠር ጀምሮ ነርቭ የለውም። ያ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ ስፌቱ እስኪድን ሦስት ወር ሰገራው በሆዱ በኩል በከረጢት ይወርዳል አለን።

ያን ጊዜ ወልደገብርኤል እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ «ሰገራ አንጠልጥለህ ማኅሌት ልትቆም ነው? ከቅጥሩ እንዳታልፍ!» አለው። ሁለቱም የየካ ሚካኤል መዘምራን ነበሩ። ዘረሰናይ ቀጠሮውን ተወው። በአምስተኛው ወር አንጀቱ ተበሳ።

በአርባው ቄሱን አባ ሕሩይን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ሕመም ከቤተ ክርስቲያን አያስወጣም። ምነው ቀድማችሁ ብትጠይቁኝ?» አሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

«ስልኩ አለ» አልኩት። «ያው በሽታ ነው?»

«ያው ነው። በተልባ ስሸውደው ኖሬ ነበር።»

«ስለ ከረጢቱስ ነገሩዎት?»

«ነገሩኝ።» አንገቱን ደፋ። «ከዚያስ... ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት ይሆናል?»

«እሱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፣ ጋሼ።»

ስልኩን ጻፍኩለት። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «አደራ፣ ለአባ ሕሩይ እንዳትነግሪብኝ። አፍራለሁ» አለኝ።

«አልነግርም።»

ቃሌን ጠበቅሁ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ወልደገብርኤል ጋቢውን ሆዱ ላይ ደራርቦ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ቆሞ አገኘሁት። የከበሮው ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ እግሩ ሳያውቀው ይረግጣል።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ? አይገቡም?»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

እጅ ነሥቼ ገባሁ። አባ ሕሩይ፣ «ወልደገብርኤል ምነው ጠፋ?» አሉኝ። «ደህና ነው፣ አባ» አልኳቸው። ሁለት ቃል ብጨምር ያስገቡት ነበር። አልጨመርኩም። በታኅሣሥም አልጨመርኩም።

በጥር አንጀቱ ተገጥሞ ከረጢቱ ተነሣለት። ወልደገብርኤል መቋሚያውን ይዞ ወደ ማኅሌቱ ተመለሰ።

ከጎኑ የሚቆመው ዘረሰናይ የለም።