እርጥብ ደንገል

ቡርሀን የቀበሌ ሊቀመንበር ከሆነ ጀምሮ ሙኽታር የበላው አይረጋለትም። ሁለቱም ታንኳ ሰሪ ነበሩ። እንደውም ለቡርሀን ታንኳ የሚሰራበትን ደንገል ማሰር ያሳየው ራሱ ሙኽታር ነው። አሁን ቡርሀን ኮት ለብሶ ባጃጅ በነጻ ይሳፈራል፤ ሙኽታር ሐይቁ ዳር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ደንገል ያጭዳል።

ሚስቱ መዲናም አታርፍም። ውሃ በቀዳች ቁጥር፣ «ቡርሀን እኮ ነው ቧንቧ ያስገባልን» ትላለች።

«እሱ ቆፈረው?»

«አንተስ ምን ቆፈርህ?»

ይህቺ ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

አንድ ቀን ቡርሀን ራሱ መጣ። «ሙኼ፣ አዲሱ የጀልባ ማረፊያ የዛሬ አስራ አምስት ቀን ይመረቃል። ሰው ፊት በታንኳ ልቀዝፍ አስቤያለሁ። ስራልኝ እስቲ፣ እኔ ጊዜ አጣሁ።»

ሙኽታር ወዲያው ገባው። ሰውዬው በሱ እጅ የተሰራውን «እኔ ሰራሁት» ብሎ ሊኮራበት ነው።

«ችግር የለም፣ ሊቀመንበር» አለው እየሳቀ።

ደንገል ታጭዶ ፀሐይ ላይ ካልከረመ፣ ሰው ሲጫነው ታንኳው ቀስ እያለ ይሰጥማል። ይህን የሐይቁ ዳር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሙኽታር ሆን ብሎ እስከ መጨረሻው ቆየ። ሐሙስ አጨደ፣ አርብ አሰረ፣ ከላይ ብቻ ደረቅ ደንገል አለበሰው። ሲያስር ያፏጭ ነበር።

ቅዳሜ ዳርቻው በሰው ጢም አለ። ቡርሀን ሱሪውን ጠቅልሎ ማይክ ይዟል። ሙኽታር ከፊት ቦታ ያዘ፤ ሲሰጥም በደንብ ማየት አለበት።

«ይህን ታንኳ የሰራው» አለ ቡርሀን፣ «ሙኽታር ነው። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚህ እስከ ቁንዝላ የሱን እጅ የሚያክል የለም።»

ሰው አጨበጨበ። መዲና እንኳ እልል አለችለት። ሙኽታር ይህን ቃል ስንት ዓመት ሲመኘው ኖሮ፣ ዛሬ አገኘው። አሁን የሚሰጥመው የሱ ስም ነው።

ቡርሀን ታንኳው ላይ ሊወጣ አንድ እግሩን አነሳ። ሙኽታር ከነጫማው ውሃ ውስጥ ገብቶ ክንዱን ያዘው።

«አትውጣበት» አለ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«እርጥብ ነው።»

ቡርሀን ማይኩን ከአፉ አራቀ። «አውቄያለሁ። ጠዋት ጫፉን ባነሳው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። መቼ ትናገር ይሆን ብዬ ነው የጠበቅሁህ።»

ከዚያ ወደ ሰው ዞረ። «ሙኽታር ታንኳው ገና ነው፣ ትንሽ ፀሐይ ይምታው ይላል። ባለሙያ እንዲህ ነው፤ ሊቀመንበርንም ያስቆማል።»

ጭብጨባው ከፊተኛው በለጠ። ሙኽታር ጫማው ውሃ እንደሞላ ፈገግ ብሎ እጁን ለሕዝብ አነሳ። በሆዱ ግን፣ እኔ ያሳየሁት ደንገል ማሰር ብቻ ነው፣ ይሄን የሰው አያያዝ ደግሞ ከየት ተማረው እያለ፣ ከቀድሞው ይልቅ ቀናበት።